«ቤተ» ላይ የተቆረጠው አድራሻ

አባቴ መጀመሪያ የላክሁላቸውን ሊንክ ሊነኩት አልፈለጉም። ያን ጊዜ እኔ ባሕር ዳር እሠራ ነበር። እሳቸውና እናቴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ቤታችን ነበሩ። የደብረ ታቦሩ መኪና ጠዋት ጥሩምባውን ሲነፋ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ ቤት ነው። ስማርት ስልኩን የገዛሁት ለሁለቱም ብዬ ነበር፤ የወረሰችው ግን እናቴ ናት። አባቴ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሚያዩት እሷ ፊታቸው ላይ ስትይዝላቸው ብቻ ነው። እሷም ብትሆን እጇ እየደከመ «በሉ ይበቃዎታል» ትላቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጋር አንድ ድረ ገጽ ሠርተን ነበር። ያዘዘን ሰው የለም። እሷ የስማዳ ልጅ ናት፣ እኔ የእስቴ። በሥራ ቀን ለሰው ስንሠራ እንውልና በእረፍታችን የራሳችንን እንነካካለን። አገር ቤት በሄድን ቁጥር ከየዘመዱና ከየጎረቤቱ አሮጌ ፎቶ እየለመንን በስልካችን እናነሳለን፤ ከሥሩ ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሳ በአጭሩ እንጽፋለን። ሐሳባችን የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ሰው እርስ በርሱ የሚተያይበት ቦታ እንዲኖር ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከእኛና ከጥቂት ጓደኞቻችን በቀር የሚያየው አልነበረም።

ገጹ መፈለጊያ ነበረው። አንድ ቃል ሲጽፉበት ቃሉ ወደ አድራሻው ጫፍ ይሄዳል፤ ከጥያቄ ምልክትና ከእኩል ይሆናል ምልክት ቀጥሎ ይቀመጣል፤ ገጹም ያ ቃል ያለባቸውን ፎቶዎች ሁሉ ይደረድራል። ያንን አድራሻ እንዳለ ለሌላ ሰው ከላኩለት፣ ሰውየው ምንም ሳይጽፍ የፈለጉለትን ያያል። በዚህ ነገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ጥያቄን ከነመልሱ አጥፎ መላክ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከአንድ ፍሬ ልጅነታቸው ጀምሮ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ተምረዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ አገልግለዋል፣ አግብተዋል፣ ወልደዋል፤ ወሬያቸው ግን ሁልጊዜ ቤተ ልሔም ነው። እናቴ «እኔን ያገኙኝ በመንገድ ላይ ነው፤ ኑሯቸው እዚያ ነው» እያለች ትቀልድባቸው ነበር። እናም አንድ ቀን በስልክ ስለ ፎቶዎቹ ስነግራቸው፣

«የቤተ ልሔምስ አለ?» አሉኝ።

«አለ አባባ። ቤተ ክርስቲያኑም አለ፣ የተማሪዎቹ ጎጆዎችም አሉ።»

«እስቲ ላኪልኝ።»

በገጹ ላይ ፈለግሁና አድራሻውን ገልብጬ ላክሁ። የአማርኛ ቃል ያለበት ሊንክ ልኮ የሚያውቅ ሰው የሆነውን ያውቀዋል። ፊደላችን በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ በመልኩ አያልፍም። አንዱ ፊደል ሦስት ቦታ ይቆራረጣል፣ ቁራጩ ሁሉ በፐርሰንት ምልክት ይጀምራል፣ ከምልክቱ ቀጥሎ የላቲን ፊደልና ቁጥር ይመጣል። አምስት ፊደል የነበረው ቤተ ልሔም አንድ ረጅም የፐርሰንት ሰልፍ ሆኖ ሄደላቸው።

ወዲያው እናቴ ደወለች።

«ልጄ፣ ስልክሽን ሰው ወስዶብሻል እንዴ?»

«እኔ ጋ ነው። ምነው?»

«የመጣው ነገር አላማረኝም። የማታውቁትን አትንኩ ሲሉ በሬዲዮ ሰምቻለሁ።»

ከኋላዋ አባቴ «ምን ይላል?» ሲሉ ይሰማኛል።

«ምንም አይልም። ፐርሰንት ነው፣ ቁጥር ነው፣ የፈረንጅ ፊደል ነው።»

«ቤተ ልሔም የሚል የለበትም?»

«የለበትም።»

«እንግዲያው ከእሷ የመጣ አይደለም» አሉ አባቴ፤ በቃ፣ ያ ነገር በዚያ አለቀ። እኔ ግን መንገዱ እንዲህ እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩ ፊደሉን በኋላ መልሶ እንደሚገጣጥመው ላስረዳቸው ሞከርሁ። አባቴ ስልኩን ተቀብለው በትዕግሥት ሰሙኝና «ልጄ፣ የምታስገቢኝን ቤት ስሙን ሳላነብ እንዴት ልግባ?» አሉ።

ስለዚህ ለእሳቸው ብዬ አድራሻውን በእጄ ጻፍሁት። ፐርሰንቱን ሁሉ አጥፍቼ በቦታው ጥርት ባለ ፊደል ቤተ ልሔም ብዬ አስገባሁ። አንድ ላይ አጣብቄ ብጽፈው ጣጣ አይኖረውም ነበር፤ ግን አባቴን አውቃቸዋለሁ። በተማሪነቴ በሃሌታው ሄ ገጣጥሜ የጻፍሁትን አይተው «ቤት ለብቻው ነው፣ ልሔም ለብቻው ነው፤ ሔውም ሐመሩ ነው፤ ምን አጣበቀሽ?» ብለው እንደገና አስጽፈውኛል። እናም በሐመሩ ሔ፣ ሁለቱን ቃላት አራርቄ፣ እንደሚወዱት አድርጌ ላክሁላቸው። ሳየው አምሮብኝ ነበር።

ስብሰባ ነበረብኝና ስልኬን ዘግቼ ገባሁ። ስወጣ ከቤት ደጋግመው ደውለዋል። ደንግጬ መልሼ ደወልሁ።

«ምን ሆናችሁ? አልከፈት አለ?»

«ተከፍቷል» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ቀዝቅዞ። «ተከፍቶ ነው ጉዱ። አባትሽ ምሳ አቅርቤ አልቀምስም አሉ።»

አባቴ ስልኩን ተቀበሉ። ሰላምታም አላሉኝ። «ይህን ሰውዬ የት አገኛችሁት?» አሉ።

«የቱ ሰውዬ?»

«መንሽ የተደገፈው። አውድማ ላይ የቆመው።»

ቤተ ልሔም ብዬ በላክሁት ውስጥ አውድማ የለም። ግራ ገብቶኝ የላክሁትን መልእክት ከፍቼ አየሁት፤ የሆነው ያኔ ገባኝ። አድራሻ መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ ካገኘ እዚያው ያልቃል። ሰማያዊ ሆኖ የሚነካው «ቤተ» እስከሚለው ድረስ ነበር፤ «ልሔም» ተራ ጽሑፍ ሆኖ፣ ጠቁሮ ከውጭ ቀርቷል። ገጹም የታዘዘውን አድርጓል። «ቤተ» የሚል ያለበትን ሁሉ አውጥቷል፦ የየደብሩን ቤተ ክርስቲያን፣ ሠርግ ላይ የተሰበሰበ ቤተ ዘመድ፣ ቤተሰብ የተባለውን ሁሉ።

«ተሳስቷል አባባ። የቤተ ልሔሙ አይደለም። ዝጉትና ሌላ ልላክ።»

«አትዝጊው» አሉ በፍጥነት፤ እኔ ከባሕር ዳር ሆኜ የምዘጋው መስሏቸው። «እንዳትዘጊው። ይህ ጓዴ ነው።»

ጓዳቸውን አውቀዋለሁ። አይቼው ሳይሆን ሰምቼው ነው፤ እኛ ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ቤተ ልሔም ሳሉ ከአባቴ ጋር አንድ ጎጆ የሠራ፣ አንድ ደበሎ የለበሰ የስማዳ ልጅ ነበር። ድምፁ ከሁሉም ይበልጥ እንደነበር፣ አባቴ ሌት ተቀን ለፍተው የሚይዙትን ዜማ እሱ አንድ ጊዜ ሰምቶ እንደሚይዘው ሲያወሩ ቅናት የለባቸውም። አንድ ዓመት አባቱ ታመመና «ለመኸር እመለሳለሁ» ብሎ ወደ አገሩ ሄደ። አልተመለሰም። ከስንት ዘመን በኋላ ከስማዳ የመጣ አንድ መንገደኛ፣ በክፉው ቀን እነዚያ ቤተሰቦች እንዳለ ማለቃቸውን ለአባቴ ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ አባቴ በጸሎታቸው መጨረሻ ሙታንን ሲያስቡ፣ ከአያቶቻችን ስም ቀጥለው የእሱን ስመ ክርስትና ይጠሩ ነበር። እኔም እንደ አንድ የሞተ አጎቴ ቆጥሬው ነው ያደግሁት።

ፎቶውን በኮምፒውተሬ ላይ አተለቅሁት። ጠርዙ የተበላ፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ የሄደ ፎቶ ነው። ከሥሩ «ቤተሰብ በአውድማ፣ ወገዳ አካባቢ» ይላል፤ ወገዳ የስማዳ ከተማ ናት። ክምሩ ሥር ሴቶችና ልጆች ተቀምጠዋል፤ ጎልማሳ ሰው መንሹን ግራ ብብቱ ሥር አስገብቶ ቆሟል፣ ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ።

«በምን አወቁት?» አልኳቸው። «ፊቱ እኮ በደንብ አይታይም።»

«ፊቱን ማን አየው? አቋቋሙን ነው እንጂ። መቋሚያ እንደዚያ ነው የሚይዝ። የኔታ ‹ቀና በል፣ የዘመመ ቤት አስመሰልኸን› እያሉ ስንት ጊዜ ተቆጥተውታል። መች ሰማቸው።»

አላመንኋቸውም። ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ስልኩን የያዘችው እናቴ ናት፤ ፎቶው አሮጌ ነው። ሲናፍቁ የኖሩትን ሰው በማንም አቋቋም ቢያዩት አይፈረድባቸውም ብዬ አሰብሁ። ለባልደረባዬ ስነግራት ግን «ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለች። ወገዳ ገበያ ውስጥ ኑግና ተልባ የምትሸጥ አንዲት ሴት ናት ከቤቷ አምጥታ ያሳየቻት። ባልደረባዬ ስልክ ቁጥሯን አልተቀበለቻትም። ስለዚህ ወገዳ ላለች እናቷ ደውላ ሴትዮዋን እንድትፈልግ አዘዘቻትና የገበያው ቀን እስኪደርስ መጠበቅ ሆነ።

ያንን ሳምንት እንዴት እንዳለፈ የነገረችኝ እናቴ ናት። አባቴ ዳዊታቸውን ይይዛሉ እንጂ አይገልጡትም ነበር። በጸሎት ጊዜም ሙታንን ሲያስቡ እዚያ ስም ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ይጥሩት ይለፉት እየቸገራቸው ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

በገበያው ቀን እኔም መካነ ኢየሱስ ወርጄ ነበር። ባሕር ዳር ሆኜ መጠበቅ አልቻልሁም። ስልኩ ሲጠራ ያነሳሁት እኔ ነኝ። የባልደረባዬ እናት ስልኩን ለተልባ ሻጯ ሰጠቻት። በስተጀርባዋ የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«እኅቴ፣ ፎቶው ላይ መንሽ ይዘው የቆሙት ማን ናቸው?»

«አባቴ ናቸው።»

እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ቸገረኝ። «አሉ?» አልኳት በመጨረሻ።

«አሉ እንጂ። ዛሬ ጠዋት እንኳ እርሻ አይውጡ ብያቸው ተቆጥተውኝ ወጡ።»

አባቴ ፊቴን እያዩ ነበር። አዎ ብዬ ራሴን ስነቀንቅላቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወለሉን አዩ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

በማግስቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተልባ ሻጯ ከአባቷ ጎን ሆና ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አባቴ ፊት ያዝሁት። ከወዲያ በኩል ሳል ይሰማል። አባቴ፣ እንደ ዳኛ፣ «የጎጆአችን ደጃፍ ወዴት ነበር የሚያየው?» ብለው ጠየቁ።

«ወደ ገደሉ ነዋ» አለ ሽማግሌ ድምፅ። «አንተ አይደለህ በዚያ ይሁን ያልኸው። ነፋሱ ሲገርፈን ከረመ።»

አባቴ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነባቸውና ስልኩን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። እናቴ በኋላ ጓዳ ውስጥ «እናቴ የሞተችብኝ ጊዜ እንኳ እንደዚህ አላለቀሱም» አለችኝ፤ ቅር ያላትም ደስ ያላትም ትመስል ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ወደ ወገዳ ሄድን፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። መኪና ቀያይረን፣ ጉድጓድ ለጉድጓድ እየዘለልን ነው የደረስነው። እናቴ መንገዱን ሙሉ አማረረች። አባቴ፣ እናቴ ጋቢያቸውን አጥባላቸው ስለነበር፣ አቧራው እንዳያገኘው ጉያቸው ውስጥ አቅፈውት ነበር። ተልባ ሻጯ ወገዳ ተቀበለችን፤ ለአባቴ በቅሎ ለምና አምጥታ ነበርና እሳቸው በበቅሎ፣ እኛ በእግር ወደ መንደራቸው ሄድን። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ ኑጉ አብቦ ሜዳው ቢጫ ሆኗል።

ሰውየው ቤት ሆነው አልጠበቁንም። መንገድ ላይ ወጥተው ቆመዋል። አባቴ አላዩአቸውም፤ በቅሎዋ ስትቆም ነው «ደረስን?» ያሉት።

«ቆመው እየጠበቁን ነው አባባ።»

«የት?»

«እዚያ፣ ከግራሩ ሥር።»

አባቴን አወረድናቸው። ሰውየው ቀርበው የአባቴን ትከሻ ያዙና ደጋግመው ሳሟቸው። ከአባቴ ይረዝማሉ፤ እጃቸው የገበሬ እጅ ነው፣ የሰፋና የተሰነጣጠቀ። መጀመሪያ የተናገሩት አባቴ ናቸው።

«ከሙታን ጋር ስጠራህ ነው የኖርሁት» አሉ። «እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በየቀኑ።»

ጓዳቸው ጥቂት አሰቡ። «ለዚህ ነዋ ክፉ ያላገኘኝ» አሉ። «እኔ ራሴ ጸልዬ አላውቅም፤ ከየት መጣ ስል ነበር።»

ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው መደብ ላይ ተቀመጡ። ለምን አልተመለስህም የሚለውን ጥያቄ አባቴ አላነሱትም፤ ሰውየው ራሳቸው ናቸው ያነሱት። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ታናናሾቻቸውን የሚያሳድግ አልነበረም። «ከመኸር በኋላ እሄዳለሁ ስል በሬው ሞተ። በሬ ሳገኝ ክረምት ገባ። ከዚያ ክፉው ቀን መጣ፣ ተሰደድን። ስንመለስ እኔ ጢም አብቅያለሁ። ከልጆች ጋር ተቀምጬ እንደገና ከመጀመሪያው ልበል? አፈርሁ። አንተ መሪጌታ እንደሆንህ ሰምቼ ነበር።»

«ሰምተህ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር። በገበሬ እግሬ ምን ብዬ ልምጣ?»

አባቴ ይህን ሲሰሙ ዞር አሉ። ነገሩን ለማስረሳት ይመስለኛል፣ አንድ ዜማ በቀስታ ጀመሩ፤ ሁለቱ አብረው የተማሩት ነው። ሰውየው መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ ገቡበት። ቃሉ ጠፍቷቸዋል፤ ግዕዙ ከአፋቸው ወጥቷል። ዜማው ግን አለ። ቃሉ በሚጎድልበት ቦታ በአፍንጫቸው እየያዙ፣ ከፍ የሚለው ጋ ከፍ እያሉ፣ የሚረግጠው ጋ እየረገጡ ይሄዳሉ። አባቴ ቃሉን ይሰጧቸዋል፣ እሳቸው ድምፁን። የአባቴ ድምፅ በእርጅና የተሰነጠቀ ነው፤ የጓዳቸው ገና አልተሰነጠቀም። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ «አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃሉ እንዴ?» አለችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ከበሬ ጋር ሲነጋገሩ እንጂ ሲያዜሙ ሰምታቸው አታውቅም።

አባቴ እዚያ መሰንበት ፈልገው ነበር፤ ለበዓል ማገልገል ስለነበረባቸው ተመለስን። ባሕር ዳር ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ አድራሻውን ማስተካከል ነበር። ሰው ሊንክ ሲልክ ገጹ ራሱ በባዶው ቦታ የመደመር ምልክት እንዲያስገባ አደረግሁት። ባልደረባዬ «አሁን ማንም ሰው በስህተት ጓዱን አያገኝም» ብላ ሳቀችብኝ። ለአባቴም የቤተ ልሔምን ፎቶዎች በትክክል ላክሁላቸው። እናቴ ይዛላቸው አንድ በአንድ አዩአቸው። «ጎጆው ቆርቆሮ ሆኗል። ዛፉ አድጓል» አሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ስልኩን መለሱላት። እኔ እንባ ጠብቄ ነበር።

ድረ ገጹ አሁን የለም። ባልደረባዬ አግብታ ሌላ ከተማ ገባች፤ እኔም ሥራ ቀየርሁ። ኢንተርኔት ጠፍቶ በቆየባቸው ወራት አገር ቤት የሚያየው አልነበረም፤ ሳናድሰው ጊዜው አለፈ። ፎቶዎቹን አንድ ቦታ አስቀምጫቸዋለሁ። አንዳንዴ ምሽት ላይ፣ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን «ይህቺ ሴትዮ የማን እናት ናት?» እየተባባልን የጻፍንበት ጊዜ ይናፍቀኛል። ልጆች ነበርን፤ የሠራነው ሁሉ የሚቆይ ይመስለን ነበር።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን ስልክ እስካለ ድረስ በየእሁዱ ይደዋወላሉ። ባለፈው እረፍቴ መካነ ኢየሱስ ሳለሁ ለአባቴ ወገዳ ደወልሁላቸው። አሁን ዓይናቸው ጭራሽ አያይም። ያነሳችው የጓዳቸው ልጅ ናት። «ላሚቱን ሊያዩ ወርደዋል፣ ሲመለሱ ልደውልልዎት?» አለች።

«እጠብቃለሁ» አሉ አባቴ። «ስልኩን መደቡ ላይ አኑሪው።»

እናቴ «ካርዱ እኮ ያልቃል» አለች። አልሰሟትም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጎናቸው ስለነበርሁ ለእኔም ይሰማኝ ነበር፤ ዶሮ ይጮኻል፣ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል፣ ሩቅ ሆኖ ልጅ ይስቃል። አባቴ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ያዳምጣሉ።

«ነፋስ አለ እዚያ» አሉኝ፣ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሱ።